ድጓ እና ጉልት

በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አባ ኢየሱስ ሞዐ በ1273 ዓ.ም. ገደማ ያስጻፉት አራቱ ወንጌል አለ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሀገራችን አቆጣጠር ናቸው)። ብራናው ላይ የአራቱ ወንጌላውያን ቃል ተጽፏል፤ ሥዕልም አለበት፣ የአባ ኢየሱስ ሞዐ የራሳቸው ምስል ጭምር፤ ጸሐፊው ባዶ በተዋቸው ገጾች ደግሞ የገዳሙ ንብረትና ስጦታ ተመዝግቧል። የሽመዛናው ደብረ ሊባኖስ ወንጌል ዘወርቅም እንዲሁ ነው። ከንጉሥ ላሊበላ ዘመን አንሥቶ ነገሥታት ለገዳሙ የሰጡት መሬትና ስጦታውን በሚያፈርስ ላይ የሚወርደው ግዝት ከወንጌሉ ጋር በአንድ ጥራዝ ተጠርዟል። ዛሬ ቢሆን የመሬቱን ሰነድ በመዝገብ ቤት፣ ሥዕሉን በሙዚየም፣ ወንጌሉን በመቅደስ እናስቀምጥ ነበር። ያን ጊዜ ሦስቱም በአንድ ማኅደር አደሩ፤ ይህንንም ያመጣው የብራና እጥረት ብቻ አይደለም። መጽሐፉ ቅዱስ ነውና ውሉን የሚያፈርስ ሰው በወንጌል ላይ እንደ ተነሣ ይቆጠራል። ውሉ ከጸና ደግሞ መጽሐፉን የሚጽፈው፣ የሚሥለው፣ የሚያነበውና የሚያዜመው ሰው እንጀራ አያጣም።

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ከዚያ ገጽ ይነሣል። በሰሜኑና በመካከለኛው የሀገራችን ክፍል መንግሥት፣ ሃይማኖትና ኪነ ጥበብ ለብዙ መቶ ዓመታት የተገናኙት ደብር በተባለው ተቋም ውስጥ ነው። ዜማው፣ ቅኔው፣ ሥዕሉና የብራና ሥራው ከዘመን ዘመን የተሻገሩት ነገሥታቱ ለጋስ ስለሆኑ፣ ወይም ምእመናኑ ጻድቃን ስለሆኑ ብቻ አይመስለኝም። ከሁለቱ ይልቅ የበረታው ሙያን ከመሬት ጋር ያሰረው ውል ነው። ያ ውል የሰጪውን ሞት አልፎ ይኖር ነበር፤ ሲፈርስም ሦስቱ በየፊናቸው ሄዱ። እርግጥ ይህ የኢትዮጵያ ጥበብ ሁሉ ታሪክ አይደለም። ሐረር የራሷ የቁርኣን አጻጻፍና አጠራረዝ ወግ አላት፤ አዝማሪውም ከደብሩ ቅጥር ውጭ ማሲንቆውን ይዞ ኖሯል። ነገር ግን የአዝማሪው ጥንታዊ ግጥም ምን ያህሉ ደረሰን? ለዐፄ ዐምደ ጽዮን የተዘፈኑት ጥንታውያን የአማርኛ ግጥሞች እንኳ ዛሬ የምናውቃቸው ብራና የሚፍቅና መቃ የሚቀርጽ እጅ ስለመዘገባቸው ነው። ያን እጅ ያበላው ማን ነው ብሎ መጠየቅ ስለዚህ የታሪክ ቁም ነገር ነው።

ደብር በግዕዝ ተራራ ነው፤ ጥንት ብዙ ገዳማት በተራራ ላይ ስለተተከሉ ስሙ ለገዳሙም ሆነ። እየቆየ በሕዝቡ አነጋገር ገዳም የመነኮሳት ማኅበር፣ ገጠር ጥቂት ቀሳውስትና ዲያቆናት የሚቀድሱበት የመንደር ቤተ ክርስቲያን፣ ደብር ደግሞ ከቅዳሴው ሌላ ማኅሌት የሚቆምበት፣ አለቃ የተሾመበትና ደብተሮች የበዙበት ታላቅ ቤተ ክርስቲያን መጠሪያ ሆነ። ደብር እንዲቆም ታቦት ያስፈልጋል፣ ካህናት ያስፈልጋሉ፣ መሬት ያስፈልጋል። ታቦቱን ጳጳሱ ይባርካሉ፤ ካህናቱን ጉባኤ ቤት ያፈራል፤ መሬቱን ንጉሡ ይሰጣሉ። ከአሰጣጡ ሁሉ ዋነኛው ጉልት ነው፦ ገበሬው ርስቱን እንደያዘ ይቀራል፣ ለመንግሥት ይገብረው የነበረውን ግን ለደብሩ ይገብራል። ካህኑም በአገልግሎቱ ልክ የሚይዘው የሰሞን መሬት ነበረው፤ በጎንደር ዘመን የገነነው ሪም ደግሞ ከገበሬው መሬት ላይ እየተቆረሰ ለካህናት የሚታደል ድርሻ ነው። የድርሻው ስፋት እንደ ማዕረጉ ነው፦ አለቃው፣ ገበዙ፣ መሪጌታው፣ ቀኝ ጌታውና ግራ ጌታው እያለ እስከ ተራው ደብተራ ይወርዳል። ማዕረጉ የሚገኘው ደግሞ በሙያ ነው። የዜማውን መጽሐፍ ድጓን ያልዘለቀ መሪጌታ ሊሆን አይችልም፤ ይህ ቀላል የሚመስል ሥርዓት የሀገሪቱን የዜማ ትምህርት ያህል ትልቅ ነገር ተሸክሞ ኖሯል።

መነሻው አክሱም ነው። ዐፄ ኢዛና በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ክርስትናን ሲቀበሉ ለውጡ ጎልቶ ከታየባቸው ነገሮች አንዱ ገንዘባቸው ነው፤ ጨረቃ ይቀረጽበት የነበረው ሳንቲም መስቀል ተቀረጸበት። ዐድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ወንጌሎች ደግሞ በብራናቸው ላይ በተደረገው የካርቦን ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ የተዘጋጁ መሆናቸው ታውቋል፤ በዓለም ላይ ከሚገኙት እጅግ ጥንታውያን ባለሥዕል ወንጌሎች መካከል ናቸው። ቅዱስ ያሬድም በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገብረ መስቀል ዘመነ መንግሥት፣ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉትን የዜማ ስልቶች እንደ ደረሱ ቤተ ክርስቲያን ታስተምራለች። ትውፊቱ እንደሚለው ንጉሡ በዜማው ተመስጠው የተመረኮዙት ጦር የያሬድን እግር ሲወጋ ሁለቱም አልተሰማቸውም፤ ኋላ ንጉሡ «የምትሻውን ለምነኝ» ቢሏቸው ያሬድ የለመኑት ከቤተ መንግሥቱ እንዲያሰናብቷቸው ነው፤ ወደ ሰሜን ተራሮች ሄደው መነኑ። ትውፊቱን እንደ ታሪክ ሰነድ አልጠቅሰውም። ነገር ግን ሊቃውንቱ ትውልድ ለትውልድ ሲያስተላልፉት ስለ ራሳቸው ኑሮ የተናገሩት ነገር አለበት፦ ንጉሡ የዜማው ወዳጅ ናቸው፣ ጦራቸው ግን ያቆስላል፤ ባለሙያው ከንጉሡ ጋር መኖር አለበት፣ ዘወትር አጠገባቸው ግን አይደለም። ደብር ይህን ርቀት በሥርዓት ያበጀ ተቋም ነው።

ዛጉዌዎች በሮሐ 11 አብያተ ክርስቲያናትን ከዓለት ፈልፍለው የንጉሥን ሥራ በድንጋይ አስነበቡ። ከ1262 ዓ.ም. በኋላ የመጣው ሥርወ መንግሥት ግን የበለጠ ያተረፈው በማኅበራት ነው። በትውፊት ዐፄ ይኩኖ አምላክ ዙፋኑን ሲይዙ ከገዳማቱ አበው ጋር ቃል ኪዳን ገቡ፣ የሀገሪቱም ሲሶ ለቤተ ክርስቲያን ሆነ ይባላል። ሲሶው እንደ ተባለው በአንድ ቀን ተለክቶ የተሰጠ መሆኑን እጠራጠራለሁ፤ እንዲህ ያለ ድልድል በየወረዳው እየተጨመረና እየተቀነሰ የሚሠራ ነው። በማያጠራጥር ሁኔታ የምናውቀው ግን የሐይቅ እስጢፋኖስ አበምኔት ዐቃቤ ሰዓት ተብሎ በቤተ መንግሥቱ ከታላላቆቹ ሹማምንት አንዱ መሆኑን ነው። የሐይቅ ገዳም የመጻሕፍት ግምጃ ቤትም፣ ትምህርት ቤትም፣ የመንግሥት አማካሪ መቀመጫም ነበር። ከዚያም የወጡ መነኮሳት በየሀገሩ ገዳማትን ተክለው ያንኑ ሥርዓት አስፋፉ።

ውሉ ምን ያህል ኃይል እንዳለው በግልጽ የታየው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1426–1460) ነው። ንጉሡ በስማቸው የሚጠሩ የሃይማኖት መጻሕፍት ያላቸው ሊቅ ናቸው፤ በ1442 ገደማ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሰብስበው ስለ ቅዳሜ መከበር የተነሣውን የሰንበት ክርክር ፈጸሙ፤ የእመቤታችን 33 በዓላት እንዲከበሩ፣ ተአምረ ማርያም በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ አደረጉ። ተአምር ሲነበብ ደግሞ ሥዕሏ ሊኖር ይገባል። በዚህ ምክንያት 15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በገበታ ላይ የተሣለ ሥዕል የበዛበት ዘመን ሆነ፤ በጣና ደሴት በዳጋ እስጢፋኖስ የሚገኘው ታላቅ የማርያም ሥዕልም የሠዓሊውን የፍሬ ጽዮንን ስም ይዞልናል። ስማቸው ሳይጻፍ ካለፉት እጅግ ብዙ ሠዓልያን መካከል ይህ አንዱ ስም መትረፉ ደስ ያሰኛል። የመንግሥት ትእዛዝ፣ የአምልኮ ሥርዓትና የቀለም ብጥበጣ እንዲህ በአንድ መስመር ሲሰለፉ ሥራው ይበዛል፤ ጥራቱም ይልቃል። ዋጋው ግን ከባድ ነው። የአባ እስጢፋኖስ ደቀ መዛሙርት ለሥዕሏና ለመስቀል እንዲሁም ለንጉሡ አንሰግድም በማለታቸው ተገረፉ፣ ታሠሩ፣ ተገደሉ። በዚያ ዘመን ለሥዕል ያለው አክብሮት ለመንግሥት የመታዘዝ መለኪያም ሆኖ ነበር፤ የዘመኑን ውበት የሚያደንቅ ሰው ይህን ደም አብሮ ማየት ይገባዋል።

በሐሳቤ ላይ ከሚነሡት ተቃውሞዎች የጠነከረውም የሚመጣው ከእነዚሁ ደቂቀ እስጢፋኖስ ነው። ከስደቱ የተረፉት በአጋሜ፣ በጉንዳጉንዲ ገዳም ተጠለሉ፤ ከዚያም የወጡት የብራና መጻሕፍት በአሣሣላቸው ልዩ የሆኑ፣ ዐይናቸው የተሳለና ሐረጋቸው የጠራ የ15ኛው መቶ ማብቂያና የ16ኛው መቶ መጀመሪያ ድንቅ ሥራዎች ናቸው። ታዲያ ንጉሥ ያሳደዳቸው ሰዎች እንዲህ ያለ ጥበብ ካፈሩ ጥበብ የመንግሥት ጥገኛ ነበር ማለት እንዴት ይቻላል? ተቃውሞው እውነት አለው፤ ሐሳቤንም ያቃናዋል። ወሳኙ ነገር ንጉሡ አይደሉም፤ ወሳኙ ጸሐፊውና ሠዓሊው በየቀኑ ምን እበላለሁ ሳይሉ ለዓመታት አንድ መጽሐፍ ላይ እንዲቀመጡ የሚያደርግ የጸና መተዳደሪያ ነው። ደቂቀ እስጢፋኖስ በእጃቸው አርሰው መብላትን ያስተምሩ ነበር፤ ማኅበሩ ያርሳል፣ ማኅበሩ ይጽፋል። ይህ መንገድ በአንድ ገዳም ቅጥር ውስጥ ሠርቷል። ይሁን እንጂ የጉንዳጉንዲ የአሣሣል ፈሊጥ የሀገር ፈሊጥ አልሆነም፤ መነኮሳቱ ባሉበት አካባቢ ቀረ። አንድን ጥበብ ከገዳም አውጥቶ ከዐሥር አውራጃ ለመጡ ልጆች የሚያስተምር፣ የተማሩትንም በየሀገሩ የሚያሠማራ ተቋም ሌላ ነገር ነው። እርሱ ጉልት ይፈልጋል፤ ጉልትም መንግሥትን።

ከ1521 እስከ 1535 የቆየው የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ጦርነት ለዚህ ሥርዓት የመጀመሪያው ታላቅ ፈተና ነው። በወርቅ የተለበጠችው የመካነ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ተቃጠለች፤ ግርማዋን የሚነግረን የኢማሙ ታሪክ ጸሐፊ ዐረብ ፋቂህ ራሱ ነው። መጻሕፍቱ ጠፉ፤ ከመጻሕፍቱ በላይ ደግሞ ዜማውን በቃላቸው የያዙት ሊቃውንት አለቁ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ነገር ከደብሩ ታሪክ ሁሉ የበለጠ አደንቃለሁ። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በተድባበ ማርያም ከድጓው ቃል በላይ የሚጻፈውን የዜማ ምልክት ሠሩ፤ ዛሬም በየዜማ ቤቱ ልጆች የሚያጠኑት ያንኑ ነው። «አዛዥ» የሚለውን ማዕረግ ልብ እንበል፤ የቤተ መንግሥት ማዕረግ ነው። ግማሽ ሀገሩ በፈራረሰበት፣ ንጉሡ ከአንዱ ጦር ሜዳ ወደ ሌላው በሚሮጡበት ጊዜ፣ የመንግሥት ሹመት የያዙ ሰዎች ተቀምጠው የዜማን ስብራትና ርክርክ በፊደል ቅንጣት ሲያሰፍሩ ይታያሉ። ያስገደዳቸው የቃል ትምህርት ከሊቁ ጋር እንደሚቀበር በዐይናቸው ማየታቸው ይመስለኛል። ሊያደርጉት የቻሉት ግን ደብር ስለነበረ፣ ደብሩም ጉልት ስለነበረው ነው።

ጎንደር በ1628 ስትቆረቆር ሥርዓቱ ከተማ አገኘ። ከዐፄ ፋሲለደስ ጀምሮ የነገሠ ሁሉ ግንቡን ሲሠራ ደብሩንም ይተክላል፤ ጎንደርም የ44ቱ ታቦት ከተማ ተባለች። ዐፄ ኢያሱ አድያም ሰገድ በ1680ዎቹ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ተከሉ፤ ዛሬ ጎብኚው ቀና ብሎ የሚያየው የመላእክት ፊት የሞላበት ጣሪያ ያለው በኋላ ዘመን በታነጸው ሕንፃ ነው፤ ደብሩ ግን የኢያሱ ነው። እቴጌ ምንትዋብ ቤተ መንግሥታቸውንና ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን በአንድ ግቢ አቆሙ፤ በጣና ደቅ ደሴት ባስተከሉት ናርጋ ሥላሴም ከእመቤታችን ሥዕል እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። ያ ሥዕል የውሉ ሥዕል ነው ማለት ይቻላል፦ መሬት የሰጡት ንግሥት ከሥር፣ የተሰጣት ቅድስት ከላይ፣ በመካከል ደግሞ ስሙን ያልጻፈው ሠዓሊ። የሥራው ዝርዝርም ከመሬቱ ጋር የተያያዘ ነው። ብራናው የፍየል ቆዳ ነው፤ ለአንድ ትልቅ መጽሐፍ መንጋ ይፈጃል። የግድግዳው ሥዕል በሸማ ላይ ተሥሎ ይለጠፋል፤ ሸማው ጥጥ፣ ጥጡ ፈታይና ሸማኔ ይሻል። ጧፉ ሰም ነው፤ ሰሙ ከማር ግብር ይመጣል። ዝማሜው፣ ወረቡ፣ ጸናጽሉና ከበሮው ሌሊቱን ሙሉ ሲቆም የሚበላው እህል በበሬ ትከሻ ደርሷል። አንድ የጥምቀት ማኅሌት ስንሰማ ከኋላው ስንት ጥማድ እንዳለ አናስብም።

ይህ ሁሉ ያለ ጉድለት ሄደ ማለት አይደለም። በጎንደር ሪም ይሸጥና ይለወጥ ጀመር፤ በየደብሩ መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ገጽ የተጻፉት የሽያጭና የስጦታ ማስታወሻዎች ለዚህ ምስክር ናቸው። መኳንንቱና ወይዛዝርቱም የደብተራ ድርሻ ይይዙና አገልግሎቱን የሚፈጽም ሌላ ሰው ይተካሉ። ያዢው አንድ፣ አዚያሚው ሌላ ሆነ። ይህ የውሉን መንፈስ የሚያጎድፍ ነገር መሆኑን አልክድም። ሆኖም ለማቆየት የረዳውም ይኸው መጎዳኘት ነው፤ መኳንንቱ በደብሩ ጥቅም ስለነበራቸው ደብሩን ሊያፈርስ የሚነሣ ይከለክላሉ። ከ1761 እስከ 1847 በዘለቀው ዘመነ መሳፍንት ነገሥታቱ ከግንባቸው የማይወጡ ስመ ንጉሥ ሆነው ሳለ የጎንደር ጉባኤ ቤቶች አልተዘጉም። አንድምታው ይተረጐም ነበር፤ አቋቋሙ ይዘለቅ ነበር፤ ስለ ክርስቶስ ባሕርይ የተነሣው የቅባትና የጸጋ ክርክርም ሀገሩን ያናውጥ ነበር። ከከተማው ርቆ ደግሞ ድጓ በጋይንት ቤተልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕት በዙር አምባ፣ ቅኔ በዋሸራና በጎንጅ እየተማሩ የሚያስመሰክሩ ነበሩ። ጥበቡ የንጉሡ የግል ልግስና ብቻ ቢሆን ኖሮ ከንጉሡ ጋር ይደክም ነበር።

ሁለተኛው ተቃውሞ የገበሬው ነው፤ ገበሬው ራሱ እንዲህ ብሎ የጻፈው ባይኖርም ድምፁን መገመት ከባድ አይደለም። ያ ሁሉ ጸናጽል የጮኸው በእኔ ላብ ነው፣ ሪሙ የተቆረሰው ከእኔ ማሳ ነው፣ ከወረቡም ከቅኔውም የደረሰኝ ጥቂት ነው ሊል ይችላል። ትክክል ነው። ይህን ጥያቄ ከዙፋን ላይ ሆነው ያነሡት ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። በ1848 ከካህናቱ ጋር ተከራክረው ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃል፣ የቀረው መሬት ግብር ለሚከፍል ገበሬ ይሁን አሉ፤ በ1852 ገደማም ወደ ድርጊቱ ገቡ። ስሌታቸው የመንግሥት ስሌት ነው፤ ጦራቸው ደመወዝ ይፈልጋል። ቅዳሴ ለመቀደስም በእርግጥ አምስት ሰው ይበቃል። ማኅሌት ለመቆም ግን አይበቃም። በዚያ ቁጥር ውስጥ መሪጌታ የለም፣ የድጓ መምህር የለም፣ ቁም ጸሐፊ የለም። ንጉሡ አስበውትም ይሁን ሳያስቡት፣ የቆረጡት የሃይማኖቱን ወጪ ሳይሆን የጥበቡን ወጪ ነበር። ካህናቱም ይህን ስላወቁ እስከ መጨረሻው ተቃወሟቸው፤ ሕዝቡን በእሳቸው ላይ ካስነሡት ነገሮችም አንዱ ይህ ጠብ ነው።

በ1859 ዐፄ ቴዎድሮስ ጎንደርን ዘርፈው አብያተ ክርስቲያናቷን አቃጠሉ። መጻሕፍቱን ግን አላቃጠሉም፤ በመቅደላ ላቀዱት የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን እንዲሆኑ በመቶ የሚቆጠሩትን ሰብስበው ወሰዱ። የደብሮችን መሬት የነጠቁት ንጉሥ ራሳቸው ታላቅ ደብር ሊተክሉ ነበር። ይህን እንደ ግብዝነት የሚያዩት አሉ፤ እኔ ግን ሌላ አማራጭ እንዳልታያቸው ማስረጃ አድርጌ አየዋለሁ። መንግሥት ክብር እንዲኖረው መጻሕፍት፣ ሥዕልና ዜማ በአንድ ቅጥር መሰብሰብ አለባቸው፤ ለዚያም ከደብር በቀር የሚያውቁት ተቋም አልነበረም። በሚያዝያ 1860 እንግሊዞች መቅደላን ሲይዙ ያንን ስብስብ በተኑት። ዘረፋውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆንና ወደ 200 የሚጠጉ በቅሎዎች እንዳስፈለጉ ይነገራል፤ ወደ 350 የሚሆኑ የብራና መጻሕፍት ሎንዶን ገቡ፤ ነገሥታቱ በዘመቻ ይዘውት ይሄዱ የነበረው ኵርዐተ ርእሱ የተባለው የጌታ ሥዕልም በዚያው ሄደ። በ1880 ደግሞ ደርቡሾች ጎንደርን አቃጠሉ፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ከተረፉት ጥቂቶች አንዷ ናት። የመቅደላ መጻሕፍት ይመለሱ የሚለው ጥያቄ ዛሬ የቅርስ ጥያቄ ተብሎ ይነሣል። ለእኔ ከዚያም ያለፈ ነው፤ በኅዳጋቸው ላይ የብዙ ደብሮች የመሬት፣ የሹመትና የስጦታ ማስታወሻ አለና ከእነርሱ ጋር የሄደው የተቋማቱ የራሳቸው ትዝታ ነው።

ሌላው የሚነሣው ወቀሳ ደብር ጥበብን አቆየ እንጂ አላሳደገም፣ ሠዓሊውን በቅጂ ላይ ቅጂ አስሮ አዲስ ነገር ከለከለ የሚል ነው። ወቀሳው በመጠኑ እውነት ነው፤ ወንጌላዊ እንዴት እንደሚሣል፣ ሰይጣንና ከሃዲ ለምን በአንድ ዐይን እንደሚታዩ የታወቀ ሥርዓት ነበረ። ነገር ግን ቬኒሳዊው ኒኮሎ ብራንካሊዮን በ15ኛው መቶ ማብቂያ መጥቶ መርቆሬዎስ ተብሎ ለብዙ ዓመታት በኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት ሲሥል ያስጠጋው ይኸው ሥርዓት ነው። ሮም ውስጥ በ1580ዎቹ የታተመው የዐረብኛ ወንጌል ሥዕሎች በጎንደር ብራና ላይ ኢትዮጵያዊ ልብስና ኢትዮጵያዊ ዐይን ለብሰው ተገኝተዋል። ከሮም የመጣው የእመቤታችን ሥዕልም «ምስለ ፍቁር ወልዳ» ሆኖ በየመቅደሱ መግቢያ ተሰቀለ፤ ያመጡት ኢየሱሳውያን ተባረው ሥዕሉ ቀረ። ከሁሉ በላይ ግን የቅኔው ሥርዓት ይህን ወቀሳ ይመልሰዋል። ባለቅኔው ትናንት የተቀኘውን ዛሬ ደግሞ ቢያቀርብ ነውር ነው፤ በዓሉ በመጣ ቁጥር አዲስ ሰምና አዲስ ወርቅ ይጠበቅበታል፣ መምህሩና ጓደኞቹም ቆመው ይሰሙታል። በየእሑዱ አዲስ ግጥም የሚጠየቅበት፣ ሲሳሳት የሚታረምበት፣ ላወቀበት ማዕረግ የሚሰጥበት ተቋም አዲስ ነገር ይከለክላል ማለት አይቻልም። እርግጥ አብዛኛው ቅኔ በአየር ላይ ቀርቷል፤ አዲስ መሆን እንጂ መመዝገብ ግዴታ አልነበረምና።

በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሦስቱ መለያየት የመጣው በአንድ ምት አይደለም። በኅዳር 1935 የወጣው የቤተ ክርስቲያን አስተዳደር ደንብ የደብሮችን ዳኝነት ወደ መንፈሳዊ ጉዳይ ወሰነ፤ ገቢያቸውም በማዕከላዊ ግምጃ ቤት በኩል እንዲያልፍ አዘዘ። አለቃው ከጉልት ጌታነት ወደ ሥራ ኃላፊነት ወረዱ። በ1950 ገደማ አለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን በአዲስ አበባ መሠረቱ፤ ሥዕል ከደብር ውጭ፣ በመንግሥት ትምህርት ቤት፣ እርቃን ሰውንና የገበያ ቀንን እየሣሉ የሚማሩት ሙያ ሆነ። መሥራቹ ራሳቸው ብዙ አብያተ ክርስቲያናትን የሣሉ ሰው ስለሆኑ ሁለቱን ዓለማት በአንድ እጅ ይዘው ነበር። ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን ደግሞ ከደብተራው የጠልሰም ጥቅልል የቀዳውን መስመር ወደ ፓሪስና ወደ ዋሽንግተን ይዞ ሄደ። በ1951 ቤተ ክርስቲያኒቱ የራሷን ፓትርያርክ አቡነ ባስልዮስን አገኘች። በ1965 በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን የወጣው ቃለ ዓዋዲ የሰበካ ጉባኤን አቋቁሞ ምእመናን በአባልነት ክፍያ አጥቢያቸውን እንዲያስተዳድሩ አደረገ። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 ሲታወጅ ጉልትም፣ ሰሞንም፣ ሪምም ቀሩ።

አዋጁ ለገበሬው ፍትሕ ነበር፤ ይህን ሳልናገር ስለ ደብሩ ጉዳት ብናገር ሚዛኔ ይጎድላል። ገበሬው ለጸናጽሉ ሳይጠየቅ ይከፍል የነበረው ዘመን ተመልሶ መምጣት የለበትም። ያሳዘነኝ ሌላ ነገር ነው፦ መሬቱ ሲወሰድ በመሬቱ ይኖር የነበረው ሙያ አብሮ መወሰዱን ያስተዋለ ከመንግሥትም ከቤተ ክህነትም ብዙ ሰው አለመኖሩ። ሰበካ ጉባኤ ለዕለት አገልግሎት ጥሩ መፍትሔ ሆነ። ከተማ ውስጥ ያለ ደብር ሙዳየ ምጽዋቱ ሙሉ ነው፤ ሕንፃ ያንጻል፣ ለካህናቱ ወርኃዊ ደመወዝ ይከፍላል፣ ለሠዓሊ በካሬ ሜትር ተዋውሎ ግድግዳውን ያሥላል። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ የተተከሉት የስደተኞች አብያተ ክርስቲያናትም በዚሁ መንገድ መሪጌታ ይቀጥራሉ። የጉባኤ ቤቶቹ ግን የሚገኙት ገንዘቡ ባለበት አይደለም። ድጓ እስኪዘለቅ ዓመታት ይፈጃል፤ ቅኔውና አቋቋሙ ሲጨመር የአንድ ሰው ወጣትነት ያልቃል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በጋይንት፣ በጎጃም፣ በዋድላ ገጠር ነው፤ ተማሪው ለምድ ለብሶ፣ አኮፋዳ ይዞ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከደጅ ደጅ ሲዞር ቁራሹን የሚሰጠው ያው ጉልቱን ይገብር የነበረው ገበሬ የልጅ ልጅ ነው።

አንዳንዶች እዚህ ላይ ደርሰው ተማሪው በልመና ከኖረ፣ ትምህርቱም ካልሞተ፣ ጉልት አላስፈለገም ማለት ነው ይላሉ። የቆሎ ተማሪ ልመና በጉልቱም ዘመን ነበረ፤ እውነት ነው። ነገር ግን ያን ጊዜ ልመናው ወደ አንድ ቦታ ያደርስ ነበር። ተማሪው ተርቦ የሚማረው ሲመሰክር ወንበር፣ ወንበሩም መሬት እንዳለው ስለሚያውቅ ነው። መምህሩም ወንበር ዘርግቶ ሲቀመጥ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ላይነሣ ይቀመጥ ነበር። ዛሬ በአንድ የገጠር ጉባኤ ቤት ያስመሰከረው ወጣት ከፊቱ የሚያየው የከተማ ደብር ቅጥር ነው፤ እዚያ የሚፈለገው ድምፁ እንጂ ማስተማሩ አይደለም። ስለዚህ ሊቁ ከወንበሩ ይነሣል፤ ከኋላው የሚቀመጥ ይጠፋል። ለዚህ ጉልት መመለስ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው የከተማ ደብሮች ከሰበካ ገቢያቸው ላይ ለእያንዳንዱ ነባር ጉባኤ ቤት የመምህሩን ወንበርና የተማሪውን ቀለብ በስም ለይተው መመደባቸው፣ ምደባውም እንደ ድሮው በአለቃ መለወጥ የማይሻር ጽሑፍ ሆኖ መቀመጡ ነው። በዙር አምባ የሚቀመጠው የመዋሥዕት መምህር በሚቀጥለው ዓመትም ወንበሩ እንዳለለት የሚያረጋግጥ አንድ ገጽ ቢያገኝ፣ ያ ገጽ በየትኛው መጽሐፍ ቢጻፍ ግድ የለኝም።